ከጥርስ እስከ አእምሮ፦ የስምጥ ሸለቆ ቤተሰብ የሚጠጣው ውሃ

ልጁ ወረቀትና እርሳስ ይሰጠዋል። መጀመሪያ አህያ፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ሰው እንዲስል ይጠየቃል። ሦስቱም ለስምጥ ሸለቆ የገጠር ልጅ እንግዳ አይደሉም። አህያዋ ጀሪካን ጭኖ ወደ ውሃ የሚነዳት ናት፤ ቤቱ የሚያድርበት፣ ሰውዬው አባቱ ወይም ጎረቤቱ ነው። ፈታኙ የሥዕሉን ውበት አይመለከትም። የሚፈልገው የጎደለውን ነው። አህያዋ ጆሮ አላት? ጅራትስ? ቤቱ በር ወጥቶለታል? ለሰውዬው እጅ ተስሎለታል?

ሥዕሉ ሲያበቃ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል። በስክሪን ላይ ሣጥኖች እየተከፈቱ በውስጣቸው የተለያዩ ምስሎች ይታያሉ፤ ከዚያ ይዘጋሉ። የትኛው ምስል በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንደነበር ልጁ አስታውሶ ያሳያል። ማንበብም ሆነ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ቋንቋም እምብዛም አይጠይቅም።

እነዚህ ፈተናዎች የተሰጡት በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የገጠር መንደሮች ለሚኖሩ 74 ለትምህርት የደረሱ ልጆች ነው። ጥናቱን የመሩት በአሜሪካው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ቴዎድሮስ ጎደቦ ሲሆኑ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ልጆቹ የሚጠጡት ውሃ በአንድ ሊትር የሚይዘው ፍሎራይድ ከ0.41 እስከ 15.5 ሚሊ ግራም ይደርስ ነበር። በአነስተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ35 እጥፍ በላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ውጤት ለወላጅ የሚከብድ ነው፦ የውሃው ፍሎራይድ በጨመረ ቁጥር ከሥዕሎቹ የሚጎድለው ነገርም፣ በማስታወስ ፈተናው የሚሠራው ስህተትም ጨምሯል።

ጥናቱ አነስተኛና የመጀመሪያ ደረጃ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ገልጸዋል። ሆኖም ድንገት የመጣ ጥያቄ አይደለም። በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱና በአካባቢያቸው ባሉ ቤተሰቦች ላይ ዩኒቨርሲቲዎች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያካሄዱት ምርምር የደረሰበት የቅርቡ ምዕራፍ ነው። ምርምሩ የተጀመረው በጎልማሳ ሠራተኛ አጥንት ነበር። ከዚያ ወደ ልጆች ጥርስ ተሻገረ። አሁን አእምሮ ላይ ደርሷል።

እሳተ ገሞራው የተወው

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ዓለም ጤናን፣ መቂን፣ ባቱን፣ ቡልቡላንና አርሲ ነገሌን እያቋረጠ ሻሸመኔ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚቀጥለው ደግሞ አዳማንና መተሐራን ይዞ ይወርዳል። በሁለቱም መንገድ የሚጓዝ ሰው በመስኮት የሚያየው አገር የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ኮረብታው የቀዘቀዘ ላቫ፣ ነጣ ያለው አፈር አመድና ፑሚስ፣ ሜዳው የድሮ ሐይቅ ወለል ነው።

በፍሎራይድ የበለጸጉት እነዚህ አለቶችና አመዶች ናቸው። ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ በውስጣቸው ለብዙ ዘመን ሲዘዋወር ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። በሌላ አገር ቢሆን በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ጠጣርነት በመቀየር ያስቀረው ነበር። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ግን በሶዲየምና በባይካርቦኔት የበለጸገ፣ በካልሲየም ደግሞ ደሃ ነው። ስለዚህ ፍሎራይዱን የሚይዝለት አጥቶ በውሃው ውስጥ ይቆያል።

መጠኑ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት፣ ከ1,400 በላይ የውሃ ናሙናዎች የተመረመሩበት አገር አቀፍ ጥናት የሻላና የአብያታ ሐይቆች ፍሎራይድ በሊትር ከ200 ሚሊ ግራም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከእነዚህ ሐይቆች ማንም አይጠጣም። ችግሩ የጉድጓዶቹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ድርጅቱ ይህን ሲያስቀምጥ አገሮች የአየር ንብረታቸውንና ሰው በቀን የሚጠጣውን የውሃ መጠን ከግምት እንዲያስገቡ መክሯል። በመተሐራ ፀሐይ አገዳ ሲቆርጥ የሚውል ሰው የሚጠጣው በደጋ ከሚኖር ሰው እኩል አይደለም፤ ከአንድ ዓይነት ውሃ የሚደርሰው ፍሎራይድም እኩል አይሆንም።

ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጉድጓዱ ሲቆፈር የወጣው ውሃ ኩልል ያለ ስለሆነ ሕዝብ በእልልታ ይቀበለዋል። አንዱ ጉድጓድ ደህና ሆኖ ብዙም የማይርቀው ሌላው ከጣሪያው ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው የመለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው። ምላስ አይለየውም፤ ዓይንም አያየውም።

የወንጂ ጉድጓዶች

ሆላንዳዊው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ የስኳር እርሻዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ፊቱን ያዞረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከአዳማ በስተ ደቡብ፣ በአዋሽ ዳር፣ የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ይሰማሩበት በነበረው ሜዳ ላይ አገዳ ተተከለ። የወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ፤ የሸዋው በ1962 ተከተለ። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች በፊደል በተሰየሙ መንደሮች ሰፈሩ። ሐኪም ቤትም ትምህርት ቤትም ነበራቸው። ውሃም ተቆፈረላቸው።

ይህ የጉድጓድ ውሃ እንደ በጎ ነገር የታየው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገዳው መካከል የሚያልፉት ቦዮች ቢልሃርዚያ የሚተላለፍባቸው ነበሩ። የወንዝ ውሃ ሆድ ያምማል፤ የጉድጓዱ ግን ከጀርም የጸዳ ነው። ሠራተኛው ከአንዱ በሽታ ሲሸሽ ያላየው ሌላ በሽታ ጠበቀው።

በሽታው ለመታየት ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሐኪሞች አንገታቸውን ማዞር፣ ወገባቸውን ማጠፍ የተሳናቸው የእርሻውን ሠራተኞች ማየት ጀመሩ። ፍሎራይድ በአጥንት ውስጥ እየተከማቸ አጥንቱን ያወፍረዋል፤ ጅማቶችን ወደ አጥንትነት ይለውጣል። የአከርካሪው ቦይ ሲጠብ ኅብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። መጨረሻው የእግር መዛልና ሽባነት ነው፤ ሕመሙ የአጥንት ፍሎሮሲስ ይባላል። ይህን በጥልቀት ካጠኑት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ናቸው። ስለ አጥንት ፍሎሮሲስ የነርቭ ጉዳት የጻፉት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም አቀፍ መጽሔት ወጥቷል።

ለቤተሰብ ይህ ምን ማለት ነው? የቤቱ እንጀራ አቅራቢ ገና በመሥራት ዕድሜው ላይ ሳለ ይታጠፋል። ሚስት አስታማሚም ገቢ ፈላጊም ትሆናለች። ልጅ ከትምህርት ይቀራል። በሐኪም መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አንድ በሽተኛ ነው፤ ጉዳቱ ግን የመላው ቤተሰብ ነው።

ችግሩ ከታወቀ በኋላ አክቲቬትድ አሉሚና በተባለ ማጣሪያ ፍሎራይዱን የሚቀንሱ ተቋማት በመንደሮቹ ውስጥ ተቋቁመዋል። ወንጂ በዚህ ረገድ በአገሪቱ ቀዳሚ ናት። ሆኖም ማጣሪያ መትከል አንድ ነገር፣ ዓመት ከዓመት ማስተዳደር ሌላ ነገር ነው። ማጣሪያው ሲሞላ መታጠብ፣ ሲደክም መተካት አለበት። አስተዳደር ሲለዋወጥ፣ በጀት ሲያጥር፣ ኬሚካል ሲጠፋ ውሃው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ነዋሪው ግን ይህን በምላሱ ሊያውቅ አይችልም።

የልጆቹ ጥርስ

እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሮፌሰር ረዳ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ችግሩ ከወንጂ አጥር ውጭም ሰፊ እንደሆነ አሳየ። በስምጥ ሸለቆው ጉድጓዶች የተገኘው ፍሎራይድ በሊትር ከ1.2 እስከ 36 ሚሊ ግራም ነበር። ከተወለዱ ጀምሮ በሸለቆው ከኖሩት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ ታይቶባቸዋል። ጉዳቱ በብዛት የተገኘው ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ነው። ሽባ የሚያደርገው የአጥንት ፍሎሮሲስ ደግሞ ፍሎራይዱ ከ4 ሚሊ ግራም በሚበልጥባቸው አካባቢዎች፣ ውሃውን ከ10 ዓመት በላይ በጠጡ ሰዎች ላይ ብቅ ብሏል።

ጥርስ የሚመሰክረው ስለ ልጅነት ነው። የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን የሚሠራው ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ፣ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ፍሎራይድ ከበዛ ሽፋኑ በትክክል አይጠነክርም። መጀመሪያ ነጭ መስመር፣ ሲብስ ቢጫና ቡናማ፣ ሲከፋ የተቦረቦረ ሆኖ ይወጣል። በጉልምስናው ወደ አዳማ የመጣ ነጋዴ የፈለገውን ያህል ዓመት ቢቀመጥ ጥርሱ አይበላሽም። እዚያው የተወለደው ልጁ ግን ምልክቱን ይዞ ያድጋል። መፋቂያም ሆነ የጥርስ ሳሙና አያስለቅቀውም።

ለዚህ ነው ብዙ የስምጥ ሸለቆ ልጅ በሌላ ከተማ ጥርሱ ታይቶ አገሩ የሚገመተው። ለአዋቂ ይህ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ግን ቀልድ አይደለም። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን ታወርዳለች። ሥራ ፍለጋ፣ ትዳር፣ በሰው ፊት መናገር ሁሉ በዚህ ይነካል። የሰው ልጅ እድገት የሚባለው ከቁመትና ከክብደት በላይ ነው፤ ሰው ሳይሸማቀቅ በሰው ፊት መቆም መቻሉም ከእድገቱ ይቆጠራል።

ወላጆችም የማይገባ ወቀሳ ይደርስባቸዋል። ጥርሱ የበለዘ ልጅ ጥርሱን የማያጸዳ፣ እናቱም የማትቆጣጠር ተደርጎ ይታያል። እውነቱ ግን እናት ልጇን ከወንዝ ጀርም ለመጠበቅ ከቦኖ የቀዳችው ውሃ ነው ጉዳቱን ያመጣው።

ወደ አእምሮ

በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ዶክተር ቴዎድሮስ ከፕሮፌሰር አቭነር ቬንጎሽና ከሌሎች ጋር የስምጥ ሸለቆውን የከርሰ ምድር ውሃ ኬሚስትሪ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ከውሃው ወደ ሰው ተሻገሩ፤ የልጆች ሽንት ተለካ፣ ጥርሳቸው ታየ። የጉድጓዱ ፍሎራይድ ሲጨምር በሽንት የሚወጣውም ይጨምራል። ይህ ማለት የውሃው ኬሚስትሪ የሰውነት ኬሚስትሪ ሆኗል ማለት ነው። ቀጥሎ የአጥንት ጥራት በአልትራሳውንድ ተጠና። ከዚያ የመጣው ጥያቄ በቤተሰብ ዘንድ ከሁሉ የከበደ ነው፦ ፍሎራይድ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ማለፉ ይታወቃል፤ ታዲያ በሚገነባው አእምሮ ላይ ምን ያደርጋል?

ጥያቄው በሌላው ዓለምም ብዙ አወዛግቧል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2024 መደምደሚያውን አውጥቷል። በመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ከልጆች የአእምሮ ብቃት መለኪያ ዝቅ ማለት ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ገልጿል። ከዚያ በታች ስላለው መጠን ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። አሜሪካውያን የሚከራከሩት ጥርስ ለመጠበቅ ሆን ተብሎ ከቧንቧ ውሃ ጋር ስለሚቀላቀለው 0.7 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ያለው የዚያን አሥርና ሃያ እጥፍ የሚደርስበት ቦታ አለ። እዚያ የሚያከራክረው መጠን በእነዚህ መንደሮች ካለው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቢሆንም ሳይንስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰባ አራት ልጆች ጥቂት ናቸው። በአንድ ወቅት ብቻ የተለካ ልጅ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ አይነግረንም። ጉድጓዱ የከፋበት መንደር ድህነቱም ሊከፋ፣ ትምህርት ቤቱም ሊርቅ፣ ምግቡም ሊሳሳ ይችላል። የውሃውን ድርሻ ከእነዚህ ለይቶ ለማውጣት ልጆችን ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12 ሺህ ልጆችን ተከታትሏል። ከእነዚህ 3 ሺዎቹ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ ኦሮሚያን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎችና በአዲስ አበባ ባሉ 20 አካባቢዎች ያደጉ ናቸው። ታናናሾቹ ጥናቱ ሲጀመር ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሰዋል። የቤታቸው ገቢ፣ ምግባቸው፣ ትምህርታቸው፣ ሥራቸው፣ ትዳራቸው በየዙሩ ተመዝግቧል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። አገሪቱ ቤተሰብን ለረጅም ጊዜ የመከታተል ልምድ አላት። ይህ ልምድ በውሃ ኬሚስትሪ ላይ ካለው እውቀት ጋር በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ቢገናኝ ጥያቄው መልስ ያገኛል። አዳማ ላይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ አሉ፤ አሰላ ላይ አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሚጠናው ሕዝብ በራቸው ላይ ነው።

ጓዳ ውስጥ

የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውሃ ዛሬ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ ነው። የወንዙ ፍሎራይድ ከጉድጓዶቹ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ የከተማው ልጅ ከአያቶቹ የተሻለ ዕድል አግኝቷል። ነገር ግን የቧንቧው መስመር ባልደረሰበት ዳርቻ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከከተማ ወጣ ባለው ቀበሌ ጉድጓዱ አሁንም ዋና ነው። ቧንቧ ሲቋረጥ በጋሪ የሚመጣው ጀሪካን ከየት እንደተቀዳ ገዢው ሁልጊዜ አያውቅም።

ፍሎራይድ የሚገባው በመጠጥ ብቻ አይደለም። በወንጂ ሸዋ እርሻ በሚገኙ ሁለት መንደሮች የልጆችን ምግብና መጠጥ የመረመሩ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ነበሩ። በአንደኛው መንደር የውሃው ፍሎራይድ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በሌላኛው 14 ገደማ ነበር። ያገኙት ውጤት የወጥ ቤቱን ድርሻ አጉልቶ አሳይቷል። ሊጡ የሚቦካው፣ ሽሮው የሚንተከተከው፣ ሻይና ቡናው የሚፈላው በዚያው ውሃ ነው። ሻይ ቅጠልም በራሱ ፍሎራይድ ይይዛል። ስለዚህ ለመጠጥ ብቻ ጥሩ ውሃ ቀድቶ ለድስቱ የጉድጓዱን መጠቀም ሥራውን ከግማሽ ማቆም ነው።

ማጣሪያዎችስ? በሕንድ የተወለደው የናልጎንዳ ዘዴ በአሉምና በኖራ ፍሎራይዱን አጣብቆ ወደ ታች ያዘቅጠዋል፤ በስምጥ ሸለቆው መንደሮች ተሞክሯል። ኬሚካሉ በየጊዜው መመዘን፣ ዝቃጩም መወገድ ስላለበት ያለ ጠባቂ አይሠራም። ሌላው በከፍተኛ ሙቀት የከሰለ የከብት አጥንት ነው። የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት በሞጆ ይህን ያመርት ነበር፤ የስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኤዋግ ደግሞ ሳይንሱን አግዟል። በአጥንት የተጣራን ውሃ ጾመኛ ይጠጣዋል ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ፈለቀ ዘውጌና ባልደረቦቻቸው ከአሉሚኒየም የሚሠራ ማጣሪያ ቁስ አጥንተዋል።

የኤዋግ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ ማጣሪያው ተተክሎ ሳለ ሰው ለምን አይጠቀምበትም? ዎዮ ገብርኤል በተባለ የስምጥ ሸለቆ መንደር ቤት ለቤት ጠየቁ። ሰው ውሃውን የሚመርጠው በእውቀት ብቻ እንዳልሆነ ተረዱ። የጀሪካኑ ዋጋ፣ የውሃው ጣዕም፣ ሰው በሽታው ለእኔም ይደርሰኛል ብሎ ማመኑ፣ ሁልጊዜ መቅዳት እችላለሁ የሚለው መተማመኑ፣ ለራሱ የገባው ቃል ሁሉ ይወስናሉ። ውሃ የምትቀዳው እናት ወይም ልጅ ናት፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አባት ነው። ውሳኔው የቤተሰብ ውሳኔ ነው። ስለ ፍሎራይድ ለእናቶች ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ግማሹን ቤት ይዞ ይቀራል።

ከጓዳ የወጣ ሌላ ምርምርም አለ። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ሳስካቸዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ ሴቶች ላይ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት የእንቁላል ቅርፊት ዱቄትን የሞከረ ነው። የሚጣለው ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየም በሆድ ዕቃ ውስጥ ፍሎራይድን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ዱቄቱን የወሰዱት ሴቶች በሽንታቸው የሚወጣው ፍሎራይድ ቀንሷል። ይህ የውሃውን ችግር አይፈታም። ነገር ግን ወተትና እርጎ ማግኘት ለማይችል ቤት፣ ለእርጉዝ ሴት አመጋገብ ትኩረት መስጠት ከውሃው ጋር አብሮ መታሰብ እንዳለበት ያሳያል።

ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው፣ መንግሥት ሊያደርገው የሚገባው

ወላጅ ዛሬውኑ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ ይወፍራል። የክሎሪን መድኃኒትም ሆነ ተራ የሸክላ ማጣሪያ ጀርም እንጂ ፍሎራይድ አይቀንስም። የእናት ጡት ወተት እናቲቱ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣ እንኳን የሚይዘው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕፃኑን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት በስምጥ ሸለቆ እጥፍ ጥቅም አለው። በቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ እምብዛም የለውም፤ ከጀርም መታከም ግን አለበት። ጥሩ ውሃ ጥቂት ብቻ ከተገኘ ቅድሚያ የእርጉዟ፣ የሕፃኑና የወጥ ቤቱ ይሁን። ልብስና ገላ በጉድጓዱ ውሃ ቢታጠቡ ችግር የለውም።

ከዚህ በላይ ያለው ከአንድ ቤተሰብ አቅም ውጭ ነው። ከአዋሽና ከባቱ ሐይቅ የሚጣራ ውሃን ወደ ብዙ መንደሮች በመስመር ማድረስ ዘላቂው መንገድ ነው፤ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል። እስከዚያው ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ተመራማሪዎች ከየመንደሩ ናሙና ቀድተው፣ የልጆችን ጥርስ አይተው፣ ሽንታቸውን ወስደው ሄደዋል። ቁጥሩ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሟል። ያንን ናሙና የሰጠው ቤተሰብ ግን በየቀኑ የሚቀዳበት ቦኖ ምን ያህል ፍሎራይድ እንዳለው የሚነግር ሰሌዳ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ለዩኒቨርሲቲዎቹ፣ ለከተማ ውሃ አገልግሎቶችና ለወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቶች ነው። በአዳማ ዙሪያ፣ በሉሜ፣ በዱግዳ፣ በቦራ፣ በአዳሚ ቱሉና በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች ያለ እያንዳንዱ የሕዝብ ጉድጓድና ቦኖ ይለካ። ቁጥሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ከ1.5 በላይ የሆነው በቀይ ይቀባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለእርጉዟ ክትትል ስትሄድ የውሃዋን ምንጭ አብራ ትጠይቅ። ማንኛውም ተመራማሪ ናሙና ከወሰደበት ቤት ውጤቱን ሳይመልስ ፈቃድ አይታደስለት። የስምጥ ሸለቆ ወላጆች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ለሳይንስ ጥርስና አጥንታቸውን ሰጥተዋል። የልጆቻቸው አእምሮ ሌላ ሃምሳ ዓመት መጠበቅ የለበትም።